ልበስልኝ

አባቴ ለአደን የሚያለብሰኝ ከሌላው ሰው አባት በተለየ መንገድ ነበር። የሌላ ልጅ አባት «ደርቢ፣ ይበርድሻል» ይላል፤ የኔው ግን በር ላይ አቁሞ ያስወልቀኛል። ካናቴራ፣ ከሱ በላይ ቀጭን ሸሚዝ፣ ከሱ በላይ ምንም። ሹራቤና ጃኬቴ ተጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ይገባሉ። «በረደኝ» ስለው «እሰይ!» ይለኛል። «ሲወጡ ትንሽ መብረድ አለበት። ከቤት ሲወጣ የሞቀው ሰው ዳገት ላይ ያልበዋል፣ ያላበው ሰው ቁጭ ሲል ይንቀጠቀጣል፣ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ አይተኩስም። ላብ የብርድ ወንድም ነው።» ስንወጣ አንድ፣ ዳገት ስንጨርስ ሁለት፣ ቁጭ ስንል ሦስት፣ ሰማዩ ሲጠቁር አራት፤ በዚህ ቅደም ተከተል እየደረብኩ ነበር ተራራውን የተማርኩት።

አሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ማታ ከሥራ ሲገባ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኖ ከዕድሜው በላይ ያረጀ ሌላ ሰው ይመስላል። እኔን ለአደን የሚወስደኝ ስለሚወደኝ ብቻ አልነበረም፤ እጠቅመው ነበር። አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ከማዶው ሸንተረር ላይ ካለ ከሁሉም ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። ስለዚህ «ዓይናማዋ» ይለኝ ነበር። ትንፋሹን ሰብስቦ «ዓይናማዋ፣ ምን ታያለሽ?» ሲለኝ ዓለም በሙሉ የኔን መልስ የሚጠብቅ ይመስለኛል። በዚህ ስም እንዴት እኮራ ነበር! ዛሬ አንድ ሰው በዚያ ስም ቢጠራኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

የአባቴን የልብስ ሕግ የማያከብር አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የልብ ጓደኛው፣ የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ። ዳቦ ቤቱ በሳምንት አንድ ቀን ይዘጋል፣ ለአደን የሚወጡትም በዚያ ቀን ነው። ሰውዬው ሲመጣ የልብስ ቁም ሣጥን በእግሩ የሚሄድ ይመስላል። ካናቴራ፣ ሸሚዝ፣ ሌላ ሸሚዝ፣ ሰደርያ፣ ሹራብ፣ ጃኬት፣ ከሁሉም በላይ የዝናብ ካፖርት። ክንዶቹ ከጎኑ አልገጥም ብለው ተንከርፍፈው ይሄዳል። ገና የመጀመሪያው ዳገት ላይ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ከዚያ መላጥ ይጀምራል። ሽንኩርት የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አባቴ ስሙን ሲሰማ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም። የስሙ ባለቤትም አልተቀየመኝም። «ሽንኩርት ሌላውን ያስለቅሳል እንጂ ራሱ አያለቅስም» አለኝ፣ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎ።

የሚያናድደኝ ያወለቀውን ልብስ ራሱ አለመሸከሙ ነበር። ወደ አባቴ ዞሮ «ወይ ሙቀት! ቦርሳዬ ሞልቷል፣ እባክህ ልበስልኝ» ይላል። አባቴም «ጀመረህ ደግሞ! እኔ የአንተ ልብስ መስቀያ ነኝ?» እያለ፣ እያሾፈ፣ ይለብስለታል። ተራራው ጫፍ ስንደርስ ሽንኩርት በሸሚዝ፣ አባቴ ግን የሽንኩርትን ግማሽ ልብስ ተሸክሞ ነው። የራሱን የሚደረብ ልብስ «ጠመንጃው ይበቃኛል» ብሎ ቤት መተው ከጀመረ ዓመት ሆኖታል። እንዲህ ያለ ሰነፍ ሰው አይቼ አላውቅም እል ነበር በሆዴ። ለምን እንደሚበርደውም የራሴ ማብራሪያ ነበረኝ። ዳቦ ልገዛ ስሄድ ሁልጊዜ ምድጃው ፊት በካናቴራ ነው የማገኘው፤ የኋላው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ውጭ ውርጭ እየጣለ። እሳት የለመደ ሰው ውጭ ሲወጣ ይበርደዋል፣ አበቃ። ያ በር ለምን በውርጭ እንደሚከፈት ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

አባቴ ደግሞ በኔ ዓይን ከሱ በላይ ዱካ አንባቢ አልተፈጠረም። ዳገቱን ስንወጣ በየሃያ እርምጃው ይቆማል፣ ተንበርክኮ መሬቱን ያያል፣ እጁን መሬት ላይ አስደግፎ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ሽንኩርት ከኋላ ሆኖ «እስቲ በደንብ እየው፣ አንቸኩልም» ይለዋል። እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ምንም ዱካ በማይይዝ ጥቁር ድንጋይ ላይ እንኳ ተንበርክኮ ያይ ነበር። «ድንጋይ ላይ ያለ ዱካ የሚያነብ አባት አለኝ» ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ አውርቻለሁ።

የዚያን ዓመት ብርድ ሊገባ ሲል እናቴ ሹራብ መሥራት ጀመረች። ወፍራም፣ አመድማ ሹራብ። አንገቱ ላይ ሲደርስ አመድማው ክር አልቆባት በአረንጓዴ ጨረሰችው። «ለማን ነው?» አልኳት። «ለሚበርደው» አለችኝ፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል። ለኔ መሰለኝ፤ ትልቅ ቢሆንም ሳድግ እንድለብሰው ይሆናል አልኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ወንበር ላይ አንቀላፍቶ ሳለ፣ እናቴ በእግር ጣቶቿ ተራምዳ መጥታ ትከሻውን ከኋላ በክር ስትለካ አየኋት። አየችኝና ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። ከሷ ጋር ምስጢር ስለተካፈልኩ ደስ አለኝ። ለአባቴ ነው ማለት ነው፣ ድንገት ልታስደስተው ነው።

የአደኑ ቀን ጠዋት፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ካልሲዬን ፍለጋ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ምድጃው ላይ ተሰቅሎ ይደርቅ ነበር። አባቴ በፊት ለፊቱ በር በኩል ደረጃው ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል፤ ሲያስል ይሰማኛል። የማድ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። በክፍተቱ አየሁ።

ሽንኩርት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ እንደ ሕፃን ቆሟል። እናቴ ያንን አመድማ ሹራብ በጭንቅላቱ ታስገባለታለች።

«ጠበበኝ እኮ» አለ ድምፁ ከሹራቡ ውስጥ ታፍኖ። «አንቆ ሊገድለኝ ነው።»

«ዝም በል፣ ሆድህን አስገባ» አለችው። ትስቅ ነበር። ለኛ የምትስቀው ዓይነት ሳቅ አልነበረም፤ መጨረሻው ወደ ለቅሶ የሚያጋድል ሳቅ ነው። ሹራቡን ወደ ታች ጎትታ አስተካከለችለትና ጃኬቱን አለበሰችው። ከታች ጀምራ ወደ ላይ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችለት። ለኔና ለአባቴ እንደምትቆልፍልን።

«እንዳያውቅ» አለችው። «አደራህን፣ በምንም መንገድ እንዳያውቅ። ካወቀ ዕድሜ ልኩን ይቅር አይለኝም።»

«አምና ሙሉ አላወቀም፤ ዛሬ በምን ያውቃል?»

እናቴ ግንባሯን የጃኬቱ ደረት ላይ አስደገፈች። ለአፍታ ነው፤ እስከ ሦስት ብቆጥር ነው። እሱም እጁን አንስቶ ምን እንደሚያደርግበት ያላወቀ ይመስል አየር ላይ ይዞት ቀረ።

አሥር ዓመት ብዙ ነገር የሚታወቅበት ዕድሜ ነው። የጫማ ሰፊው ሚስት ከእናቴ ጋር ስታወራ ስለ ሰፈሩ ሚስቶች ያልሰማሁት አልነበረም፤ ማን ከማን ጋር እንደታየች፣ ማን ምን ልብስ ለማን እንደገዛች። «ልብስ የምታለብስ ሴት ልቧንም ሰጥታለች» ትል ነበር። እኔ ዓይናማዋ ደግሞ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ካልሲዬን ሳላነሳ ተመለስኩ። በባዶ እግሬ ጫማ አድርጌ ነው የወጣሁት። ሹራቡ ለምን እንደጠበበውም አሰብኩ፤ ልኩን ገና በደንብ አታውቀውም ብዬ ደመደምኩ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

ስንነሳ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ፀሐይዋ ስትወጣ ሽንኩርት እንደልማዱ መንቦግቦግ ጀመረ፤ እንደውም ከወትሮው ባሰበት። ካፖርቱን አወለቀ፣ «ልበስልኝ»። አባቴ ሳቀ፣ ለበሰለት። ጃኬቱን አወለቀ፣ «ልበስልኝ»። አባቴ በየሃያ እርምጃው ሳይሆን በየአሥሩ እየቆመ ዱካ ያያል። እኔ ከሁለቱም ወደኋላ ቀርቼ የሽንኩርትን ጀርባ በዓይኔ እየወጋሁ እሄዳለሁ። አረንጓዴው አንገት ብቅ ብሎ ይታየኛል።

«ዓይናማዋ፣ ምን ታያለሽ?» አለኝ አባቴ ተንበርክኮ።

«ምንም» አልኩ። አስቤበት ነው እንደዚያ ያልኩት። ሽንኩርት ዘወር ብሎ አየኝ።

ጫፉ ላይ ደርሰን ሁልጊዜ ከምንቀመጥበት ትልቅ ቋጥኝ ሥር ስንገባ ሰማዩ ተለወጠ። መጀመሪያ ጉም መጣ፣ ከዚያ ነፋስ፣ ከዚያ በጎን የሚመታ ቀዝቃዛ ዝናብ። እኔ በተማርኩት መሠረት ሹራቤን፣ ጃኬቴን፣ የዝናብ ልብሴን አከታትዬ ለበስኩ። አባቴ ግን ዳገቱ ላይ አልቦት ስለነበር ከውስጥ ርሷል። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ ጠመንጃውን የያዘበት እጅ ይንቀጠቀጣል። የኔ አባት፣ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይተኩስም የሚለው።

ሽንኩርት ይህን ሲያይ በዚያ ዝናብ መሀል «ኧረ አቃጠለኝ!» ብሎ ጮኸ። ቢስቁበት ደስ ይለው ነበር፤ ማንም አልሳቀም። አመድማውን ሹራብ በጭንቅ አወለቀ፣ ጭንቅላቱ የሹራቡ አንገት ውስጥ ተቀርቅሮ ትንሽ ታገለ። «እባክህ ይህን እንዳይርስብኝ ልበስልኝ፤ ያንን እርጥቡን አውልቅና ከሥር ልበሰው።»

አባቴ ያለ ክርክር ካፖርቱንና ጃኬቱን አውልቆ እርጥብ ሸሚዙ ላይ ሹራቡን ማጥለቅ ጀመረ። ጭንቅላቱን አስገባ። አንድ እጁን አስገባ። እጅጌው አንጓው ላይ ልክ መጥቶ አረፈ። «ምን ጉድ ነው?» አለ እየተገረመ። «የኔን ትከሻ ለክተው የሠሩት ይመስላል።»

ሞቀው። ፊቱ ላይ አየሁት፤ ሞቀው። እስከ ዛሬ የምጸጸተው እሱን አይቼ አፌን በመክፈቴ ነው።

«እሱን እኮ የሠራችው እማዬ ናት» አልኩ።

«ዓይናማዋ» አለኝ ሽንኩርት ቶሎ ብሎ፣ «እስቲ ወደ ማዶ እዪልን፣ እዚያ ጋ የሆነ ነገር ያለ መሰለኝ።»

«ማድ ቤት ውስጥ ራሷ አለበሰችው። ቁልፉንም ቆለፈችለት። ‹እንዳያውቅ› አለችው። በክፍተቱ አይቻለሁ።»

ዝናቡ ቋጥኙ ላይ ይመታል። አባቴ አንድ እጁ እጅጌ ውስጥ፣ ሌላው ውጭ እንደሆነ ቆየ። አረንጓዴውን አንገት በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ጓደኛውን አየው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአምና» አለ ሽንኩርት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሁለታችሁም?»

«ሁለታችንም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ሞኙ ደግሞ» አለ፣ «ለሱ ያዘንኩለት መስሎኝ እለብሳለሁ።»

እጁን ከእጅጌው አወጣ። ሹራቡን በጭንቅላቱ አወለቀና ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ እናቴ እንደምታጥፈው እጅጌውን ወደ ውስጥ አድርጎ አጠፈው። መሀላቸው ባለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ጃኬቱን አጠፈ፣ አስቀመጠ። ካፖርቱን ከአጠገቡ አንስቶ ከላያቸው አኖረው። የቀረው የራሱ እርጥብ ሸሚዝ ብቻ ነው። «የራስህን ልብስ ራስህ ልበስ» አለው።

«ባክህ...» አለ ሽንኩርት። «ከፈለግህ ምታኝ። ግን ለብሰህ ምታኝ።»

አባቴ ጀርባውን አዞረበት። በዚያን ጊዜ ከማዶው ሸንተረር ላይ ጉሙ ትንሽ ገለጥ አለና አንድ አጋዘን ብቅ አለ። ቀንዱ ያማረ፣ ትልቅ። ወደኛ እያየ ቆመ። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ጉሙ መልሶ ዋጠው።

ስንወርድ አባቴ ከፊት ነው። በዚያ መንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ዱካ ለማየት አልቆመም። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ እያሳለ፣ ሳያርፍ ወረደ። ሽንኩርት ከኋላው ነው፤ የታጠፉትን ልብሶች እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ፣ እሱም በሸሚዝ ብቻ፣ አንዱንም ሳይለብስ። እኔ መሀላቸው ነኝ። ከሦስታችን የሞቀኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ድንጋይ ጠረባው አልተመለሰም። ትኩሳቱ ያዘው፣ ሳንባው ቆሰለ፣ አራት ወር ተኝቶ ሞተ። ሐኪሙ ሳንባው ቀድሞም በድንጋይ አቧራ ያለቀ ነበር፣ ያ ብርድ ባይመታውም ብዙ አይቆይም ነበር ብሎ ነበር፤ ይህን ያወቅሁት አድጌ ነው። ሰዎች ሊያጽናኑኝ ሲፈልጉ ይህንን ይነግሩኛል። ብዙ ማለት ስንት እንደሆነ ግን የሚነግረኝ የለም።

በነዚያ አራት ወራት ያየሁትን ሁሉ በራሴ መነጽር ተረጎምኩት። ከሳምንት በኋላ እናቴ አመድማውን ሹራብ ለአባቴ ስታለብሰው አየሁ፤ እጁን ወደ ላይ አንስቶላት ነበር። ይቅር አላት አልኩ፣ ቅዱስ ነው አልኩ። ሽንኩርት በየቀኑ ትኩስ ዳቦ ይዞ እየመጣ በር ላይ ይቆማል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አባቴ «ያንን ሞኝ አስገቡት» አለ። በሩ ተዘጋ፣ ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ፣ ከዚያ ሦስቱም ዝቅ ባለ ድምፅ ረጅም ጊዜ አወሩ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጥርሴን አፋጨሁ። እሱ ይቅር ቢላቸውም እኔ አልላቸውም ብዬ ለራሴ ማልኩ። መሐላዬንም ጠበቅሁ፤ በዚህ አልታማም።

አባቴ ከሞተ በኋላም ዳቦው አልቀረም። በየጠዋቱ በወረቀት ተጠቅልሎ በራችን እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ እናገኘዋለን። እኔ አልበላውም ነበር፤ ሁለት ሰፈር ተሻግሬ ከሌላ ዳቦ ቤት እገዛለሁ። እናቴ ሁለቱንም ዳቦ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ታስቀምጣቸዋለች። ሰውዬውን ሰላምታ ነፈግሁት። ከሷ ጋርም ከአስፈላጊው በላይ አላወራም ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ላይ፣ መምህርት ሆኜ፣ ልጆችን ሳያጣሩ ሰው መወንጀል ነውር ነው እያልኩ የማስተምር ሴት ሆኜ፣ አንድ ጠዋት ዳቦውን ሲያንጠለጥል በሩን ከፈትኩበት። ሸምግሏል፣ ጢሙ ነጥቷል። «ከእንግዲህ እዚህ ቤት እንዳይመጡ» አልኩት። «አባቴን ያደረጉት አይበቃዎትም?»

አፉን ከፈተ። ወደ ውስጥ፣ ከኋላዬ አየ። ከዚያ «እሺ» አለ። ዳቦውን እጄ ላይ አስቀምጦ ደረጃውን ወረደ።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «ምን አድርጎሽ ነው?» አለችኝ።

«እኔን አይደለም፣ አባዬን ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ፊቷ ላይ አንድ ነገር ቀስ እያለ ሲገባት አየሁ። ያፈረች መስሎኝ ደስ አለኝ። «እንዲህ ነው እንዴ ስታስቢኝ የኖርሽው?» አለች። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ እንደ ክብር እንግዳ ነበር የምታናግረኝ። «ብርድ እንዳይመታሽ» እያለች በር ድረስ ትሸኘኛለች፣ አንድ ቀን ግን ክፉ አልተናገረችኝም። በደለኛ ሰው እንዲህ ነው ብዬ አሰብኩ።

ባለፈው የብርድ ወራት ቀበርናት። ዝናብ ነበር፤ ሰው ሁሉ ካፖርትና ጃንጥላ ውስጥ ተሸጉጧል። ከአጥሩ ውጭ፣ ከሰው ተለይቶ፣ አንድ ሽማግሌ እጀ ጉርድ ሸሚዝ ለብሶ ቆሞ አየሁ። እሱ ነው። ወደኛ እንዳይመጣ ከልክዬው ነበርና አጥሩን አልተሻገረም። የጫማ ሰፊው ሚስት አጠገቤ ነበረች፤ ዛሬ አሮጊት ናት፣ አፏ ግን አላረጀም። «ያ ሰውዬ በሸሚዝ ምን ያደርጋል?» አልኳት በምሬት። «ብርድ የማይችል ሰው እንዳልነበር።»

«እሱ? ብርድ?» አለች። «ኧረ ወዲያ! ከልጅነቱ ጀምሮ ልብስ ጠላቱ ነው። ሠርጉ ላይ ኮት ለማስለበስ እንኳ ስንት ሰው ነው የታገለው። ከአባትሽ ጋር አደን ሲሄድ ብቻ ነበር ሲጀቦን የምናየው፤ ‹ይኼ ሰው ምን ነካው?› እያልን ስንስቅ።»

አፈሩ ገና እየተመለሰ ነበር። እኔ ግን የማድ ቤቱ በር ክፍተት ላይ ነበርኩ። የጠበበው ሹራብ። በክር የተለካው ትከሻ፣ የአባቴ ትከሻ። በውርጭ የተከፈተው የዳቦ ቤቱ በር። ዱካ በሌለበት ድንጋይ ላይ ተንበርክኮ ትንፋሽ የሚፈልግ አባት፣ ከኋላው ደግሞ «አንቸኩልም» የሚል ጓደኛ፣ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ፣ ታመምክ ሳይለው ልብስ የሚያለብሰው። እናቴ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ናት፣ ይቅርታ ልላት አልችልም። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ አነባሁ፤ ሰው ለሷ ያለቀስኩ መሰለው።

ሽንኩርት ቤት የሄድኩት ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ዘጠኙን ቀን ምን ስሠራ እንደቆየሁ አትጠይቁኝ፤ ፈሪ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። ወፍራም ካፖርቴን ለብሼ ደረጃውን ስወጣ ላብ በላብ ሆንኩ። በሩን ራሱ ከፈተ። በካናቴራ ነው፤ ክንዶቹ ላይ የምድጃው ጠባሳ እንደ ድሮው አለ። ከኋላው መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ነፋሱ መጋረጃውን ወደ ውስጥ ይነፋዋል።

አየኝ፣ አየኝና «ካፖርት ለብሰሽ ዳገት ወጣሽ?» አለኝ። «አባትሽ ቢያይሽ ጉድሽ ነበር።»

ተቀመጥኩ። ካፖርቱን አውልቄ ጭኔ ላይ አቀፍኩት። መንገድ ላይ የተለማመድኩት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። «ሹራቡን ያስወለቅሁት እኔ ነኝ» አልኩ። የቀረልኝ እሱ ብቻ ነበር።

«አውቃለሁ። እዚያው ነበርኩ እኮ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አባትሽ አስማለን» አለ። «ያን ቀን ‹ያንን ሞኝ አስገቡት› ያለ ጊዜ። ‹ልጅቷ አንድ ቃል እንዳትሰማ› አለ። ሹራቡ ለምን እንደተሠራ ብንነግርሽ፣ ማን እንዳስወለቀውም ታውቂዋለሽ። የአሥር ዓመት ልጅ ያንን ተሸክማ እንዴት ታድጋለች?»

«እኔ እኮ ስለ እርስዎና ስለ እሷ...» አልኩ።

«እሱንም እናውቃለን። ያባረርሽኝ ቀን እናትሽ ዳቦ ቤት መጣች። ‹አሁን አድጋለች፣ እውነቱን ንገሪያትና ይውጣልሽ› አልኳት። እምቢ አለች። ‹ራሷን ከምትጠላ እኔን ትጥላኝ› አለች።»

አለቀስኩ። አላባበለኝም፤ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሲረጋጋልኝ «ልጅ ነበርሽ» አለኝ።

«ተራራው ላይ ልጅ ነበርኩ» አልኩ። «በር ላይ ቆሜ ሳባርርዎ ግን ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከዚያም አሥራ አራት ዓመት ከሷ ጋር ኖሬያለሁ።»

ጢሙን በእጁ ዳበሰ። «እሱስ ልክ ነሽ» አለ።

ነፋሱ ይገባል፣ መጋረጃው ይነሳል ይወድቃል። እጄ የሚሠራው አጥቶ የካፖርቴን ቁልፍ ይፈትላል። ልነሳ አልቻልኩም፣ ልቀመጥም አልቻልኩም። እሱ እጆቼን ሲያይ ቆየና ድንገት ትከሻውን ሰበሰበ።

«ዛሬስ በረደኝ መሰለኝ» አለ። «እስቲ ያንን ካፖርትሽን አልብሺኝ።»

ተነሳሁ። እጆቹን ዘርግቶ ቆመልኝ። ትከሻው ላይ ጠበበው፣ እጅጌው ከአንጓው በጣም አጠረ፤ ሆዱን አስገባልኝ። ከታች ጀምሬ ወደ ላይ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፍኩለት። መስኮቱንም ዘጋሁ። ስመለስ ወንበሩ ላይ በሴት ካፖርት ታስሮ ተቀምጧል፤ ፊቱ መቅላት ጀምሯል።

«ሞቀዎት?»

«አሁን ገና ደህና ሆንኩ» አለ። ላቡ ከጆሮ ግንዱ ተነስቶ በጢሙ ውስጥ ወደ አገጩ ይወርድ ነበር። ዓይኔን ሳላነሳ እንደማየው አወቀ።

«ምን ታያለሽ፣ ዓይናማዋ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።